በመቀነት ስለተቋጠረው ክኒን
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለአባላትና ለደጋፊዎች የቀረበ ንግግር)



ባለፉት ስብሰባዎች ስለ ቁጠባ፣ ስለ ብድር አመላለስና ስለ ዶሮ እርባታ ተነጋግረናል። ዛሬ ስለ ወባ ክኒን እንነጋገር። ከአባሎቻችን አንዷ ብድሯን መክፈል ሲያቅታት ቤቷ ሄደን እንጠይቃለን። በመስከረምና በጥቅምት የምንሰማው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ እሷ ወይም ልጇ በትኩሳት ተኝተዋል። ስለዚህ ይህ ጉዳይ የጤና ብቻ አይደለም፣ የኪሳችንም ነው።

ወገዳ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነች ወባ የቆላ ሰው በሽታ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን የስማዳ መሬት ወደ አባይና ወደ በሽሎ ይወርዳል፤ ዘመዶቻችንም እዚያ ያርሳሉ። ከጋይንትም ከእስቴም ከስማዳም ወንዶች ልጆቻችን ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይሄዳሉ። ሲመለሱ ከገንዘቡ ጋር ትኩሳቱንም ይዘው ይገባሉ። ታላላቆቻችን የሚያስታውሱት የ1950 ዓ.ም. ክረምትና የ1951 መባቻ ወረርሽኝ ደጋ ቀመሱን አገር ጭምር ያዳረሰ ነበር፤ በአገሪቱ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። በቅርቡም እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል።

እንግዲህ ወደ ክኒኑ እንምጣ። በአገራችን የሚበዙት ወባዎች ሁለት ናቸው፤ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ። መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። ድሮ ክሎሮኪን ለሁለቱም ይሰጥ ነበር። ፋልሲፓረም ክሎሮኪንን ስለለመደው እ.ኤ.አ. በ1998 በፋንሲዳር፣ በ2004 ደግሞ በኮአርተም ተተካ። ክሎሮኪን ለቫይቫክስ ቀረ። ስለዚህ «ባለፈው ዓመት እኔን ያዳነኝ ክኒን ነው» ብላ ጎረቤቷ የሰጠቻትን ክሎሮኪን የምትውጥ ሴት፣ በሽታዋ ፋልሲፓረም ከሆነ፣ ሦስት ቀን በከንቱ ታሳልፋለች። ፋልሲፓረም ደግሞ ሦስት ቀን የሚታገሡት በሽታ አይደለም፤ ወደ አንጎል ሊወጣ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ትኩሳት በጀመረ በዚያው ቀን ጤና ኬላ ሄዶ ጣት ተወግቶ መመርመር ያስፈልጋል። ከመተማ የተመለሰ ልጅ ወባ የለብህም ተብሎ ትኩሳቱ ሳምንታት ከዘለቀ፣ ሆዱም ካበጠ፣ ካላዛር ሊሆን ስለሚችል ወደ ሆስፒታል ይላክ።

ኮአርተም በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን ይወሰዳል፤ በድምሩ ስድስት ጊዜ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት በኋላ ይዋጣል። ይህ መድኃኒት ቅባት ካላገኘ በደንብ ወደ ደም አይገባም፤ ስለዚህ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይሁን። ጾም ከሆነ ዘይት ያለው ወጥ ወይም የሱፍ ፍትፍት ያገለግላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምንጾም ሴቶች ግን የጠዋቱን ክኒን እየዘለልን መጾም የለብንም፤ በሽተኛ እንዴት እንደሚጾም ለንስሐ አባታችን ነግረን መፍትሔ እንጠይቅ። ክኒኑ ከተዋጠ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰን ያው መጠን እንደገና ይወሰዳል፤ ለዚህም የጎደለውን ከጤና ባለሙያዋ እንቀበላለን።

ክሎሮኪንም የሦስት ቀን መድኃኒት ነው፤ የፍሬው ቁጥር በክብደት ይወሰናል፣ በሦስተኛው ቀንም ይቀንሳል። ምግብ በልቶ መውሰድ የሆድ ማቃጠልን ያስታግሣል። ብዙዎቻችንን ቆዳችንን ያሳክከናል፤ ይህ የታወቀ ነገር ስለሆነ ለባለሙያዋ እንንገራት እንጂ አናቋርጥ። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይመለሳል፤ ያንን የሚነቅለው ፕሪማኪን የሚባለው ነው። ፕሪማኪን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ለምታጠባም እናት የሕፃኑ ዕድሜ ይታያል። ስለዚህ የወር አበባ የቀረባት ሴት ሳትፈራ ትናገር። ደማቸው ይህን መድኃኒት የማይችል ሰዎችም አሉ፤ ሽንት እንደ ጠላ ከጠቆረ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ አቁሞ ወዲያው ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

አሁን ስለ መቀነታችን። ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ሲበርድ የቀረችውን ክኒን «ለሌላ ጊዜ» ብለን በመቀነት ጫፍ ወይም በነጠላ ጥግ እንቋጥራለን። ይህ የመጣው ከድህነት ነው፤ ያለንን ማባከን አልለመድንም። ሆኖም ያልተጨረሰ መድኃኒት የተረፈውን ተውሳክ ያጠነክራል፤ የተቋጠረችውም ክኒን ለሌላው በሽተኛ አትበቃም። ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ ልጅ ነው። ክሎሮኪን ለትንሽ ልጅ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ እንኳ ልብን አቁሞ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ልጅ እንደዋጠ ከጠረጠርን፣ ደህና ቢመስልም፣ አስመልሰን እናያለን ወይም እስኪነጋ እንጠብቅ ሳንል፣ የክኒኑን ማሸጊያ ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ እንሩጥ።

ሌላ ደግሞ ብዙዎቻችሁ ያልሰማችሁት ጉዳይ አለ። የክሎሮኪን ወንድም የሆነ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚባል መድኃኒት ለሉፐስና ሩማቶይድ አርትራይትስ ለሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታ ይታዘዛል። በእነዚህ በሽታዎች ጊዜ ሰውነትን ሊጠብቅ የተፈጠረው መከላከያ ራሱን ሰውነትን ይወጋል። በሽታዎቹ ከወንድ ይልቅ ሴትን ያጠቃሉ። ጣቶቿ አብጠው ሊጥ ማቡካት ያቃታትን፣ ፊቷ ፀሐይ ሲነካው የሚቀላውን ሴት «ምች ነው»፣ «ቡዳ ነው» እያልን አናስቀምጣት፤ ሐኪም ይያት።

ይህን መድኃኒት የጀመረች እህት አራት ነገር ትወቅ። አንደኛ፣ የሚሠራው በዝግታ ነው፤ ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ሲሻላትም በራሷ አታቁም። ሁለተኛ፣ ዓይን ነው። ለብዙ ዓመት ሲወሰድ የዓይንን ውስጠኛ ክፍል ሊጎዳ ይችላል፤ የተጎዳው አይመለስም፣ መጀመሪያ ላይም አይታወቃትም። ስለዚህ በጀመረችበት ዓመት፣ ከ5 ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ የዓይን ሐኪም ማየት አለበት፤ ኩላሊቷ የታመመ ከሆነ ቶሎ ይጀመራል። ሦስተኛ፣ ክብደት ነው። የቀን መጠኑ ለአንድ ኪሎ ከ5 ሚሊግራም ባይበልጥ ይመከራል። 40 ኪሎ የምትመዝን ሴት በዚህ ስሌት በቀን 200 ሚሊግራም፣ ማለትም የተለመደው ፍሬ አንድ ይደርሳታል። ስለዚህ በየቀጠሮው ሚዛን ላይ ትውጣ፤ ከከሳች ለሐኪሙ ትንገር። አራተኛ፣ ይህን ስለምትወስድ ወባ አይዘኝም አትበል። አጎበሯን አትተው፤ ትኩሳት ከያዛት ትመርመር፣ የምትወስደውንም መድኃኒት ቀድማ ታሳውቅ። ሁለቱ ወንድማማቾች በላይ በላይ ከተዋጡ ልብን ይጎዳሉ። የልብ በሽታ ያለባትና የስኳር መድኃኒት የምትወስድም እንዲሁ ቀድማ ትናገር። ካረገዘች ደግሞ ፈርታ አታቋርጠው፤ በሉፐስ ጊዜ በእርግዝናም እንዲቀጥል ይመከራል፤ ሐኪሟን ታማክር።

በኮሮና ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ይህ መድኃኒት ኮሮናን ያድናል የሚል ወሬ ዓለምን ናኘ። በናይጄሪያ ክሎሮኪን በገዛ ፈቃዳቸው ወስደው የተመረዙ ሰዎች ነበሩ፤ በብዙ አገር የሉፐስ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከመደርደሪያ አጡ። በኋላ በትልልቅ ጥናቶች ሲታይ ለኮሮና አልጠቀመም። ወሬ ሐኪም እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ያስፈልጋል?

እህቶቻችን፣ ከዚህ ስብሰባ ሳንወጣ በአራት ነገር እንስማማ። የታዘዘልንን ክኒን ለሌላ አንሰጥም፣ ከሌላም አንቀበልም። በየቤታችን መድኃኒት የልጅ እጅ በማይደርስበት፣ በተቆለፈ ሣጥን ይቀመጣል፤ የተረፈም ካለ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይመለሳል። በወባ የተኛች አባል የብድር ክፍያዋ ያለ ቅጣት ለአንድ ወር ይተላለፋል፤ ቡድኗም በሦስቱም ቀን ክኒኗን መዋጧን ሄዶ ያያል። ሃይድሮክሲክሎሮኪን የምትወስድ አባል ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ለዓይን ምርመራ ስትሄድ የመኪናዋን ከማኅበራዊ ፈንዳችን እንሸፍናለን። የዓይን ብርሃን ያጣች እናት ከምታስከትለው ወጪ ይህ ትንሹ ነው።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። ከውጭ አገር ዘመድ በሻንጣ የሚልከውን ክኒን በፍቅር እንደላካችሁት እናውቃለን። ጽሑፉን የሚያነብ፣ መጠኑን የሚወስን ባለሙያ ከሌለ ግን አደጋ ይሆንብናል። መድኃኒቱን ሐኪም ይዘዝልን፤ እናንተ ለመጓጓዣው፣ ለሚዛኑና ለተቆለፈው ሣጥን አግዙን። አራቱን ነጥቦች አሁን እጅ በማውጣት እናጽድቅ፤ ጸሐፊያችንም በቃለ ጉባኤው ትመዝግብልን።