የሚሄደው አፈር የማን ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በጂኦግራፊ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)





በዚህ የደስታ ቀን ስለ አፈርና ስለ ውሃ ጥበቃ ጥቂት እናገራለሁ። ከመካከላችሁ፣ «የዶሮ ማነቂያ ልጅ ስለ እርሻ ምን ያውቃል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ተወልጄ ያደግሁት በአራዳ ነው። ነገር ግን የአፈርን ነገር መጀመሪያ የተማርሁት ከገጠር ሳይሆን እዚያው ዶሮ ማነቂያ፣ ከአያቴ ደጃፍ ላይ ነው።

የሰፈራችን ቤቶች በ2016 ዓ.ም. ለከተማው መልሶ ማልማት ከመፍረሳቸው በፊት፣ ክረምት በገባ ቁጥር አያቴ ከአሸንዳው ሥር በርሜል ታስቀምጥ ነበር። ከበርሜሉ አጠገብ በአሮጌ የቀለም ቆርቆሮ የተከለችው ጤና አዳም ነበራት። ዝናቡ በኃይል ሲወርድ ከቆርቆሮው ውስጥ ያለው አፈር እየተፈናጠረ ነጩን ግድግዳ ያጨቀየው ነበር፤ ክረምቱ ሲያልቅም የጤና አዳሙ ሥር ተገልጦ ይታያል። አንድ ቀን አያቴ እንቁላል ተጠቅልሎ የመጣበትን ጭድ አንሥታ በአፈሩ ላይ በተነችው። ከዚያ ወዲህ ዝናቡ ቢዘንብም ግድግዳው አልቆሸሸም፤ አፈሩም አልጎደለም። ምክንያቱን ብጠይቃት፣ «ልጄ፣ ዝናብ የሚደበድበው የተራቆተውን ነው» አለችኝ።

አምና ክበባችን ይህንኑ ነገር በትምህርት ቤቱ ግቢ ፈትኖት ነበር። ሁለት የእንጨት ሣጥኖች አፈር ሞልተን አዘንብለን አስቀመጥን። አንዱን ራቁቱን ተውነው፤ ሁለተኛውን ሣር አለበስነው። በአትክልት ማጠጫ እኩል ውሃ ስናፈስባቸው፣ ከራቁቱ ሣጥን ወዲያውኑ ድፍርስ ውሃ ወረደ፤ ሣር ከለበሰው ግን ጥቂት ውሃ፣ እርሱም ዘግይቶና ጠርቶ ወጣ። የቀረው ውሃ የት ሄደ ቢባል ወደ አፈሩ ሰርጓል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዝናብ ጠብታ የተራቆተ መሬት ሲመታ አፈሩን ይፈነጥቀዋል። የተፈነጠቀው ደቃቅ አፈር የመሬቱን ትንንሽ ቀዳዳዎች ይደፍናቸዋል። ውሃው የሚሰርግበት ሲያጣ መፍሰስ ይጀምራል፤ ቁልቁለቱ በረዘመ መጠንም ጉልበት እያገኘ አፈሩን ይዞ ይነጉዳል። ስለዚህ የአፈር ጥበቃ ጥበብ ሁሉ ከሁለት ነገር አይወጣም፤ ይኸውም መሬቱን ማልበስና ቁልቁለቱን ማሳጠር ነው። ጭድና ሣር፣ ዛፍና ሰብል ያለብሳሉ፤ እርከንና ካብ ያሳጥራሉ።

ባገራችን ደጋ ነገሩን የሚያከብደው ሌላም ምክንያት አለ። የጤፍ ዘር ደቃቅ ስለ ሆነ ማሳው ደጋግሞ ታርሶ ይለሰልሳል፤ ኃይለኛው የሐምሌ ዝናብ ሲመጣም አብዛኛው ማሳ ገና አልለበሰም። በሞፈርና በማረሻ የሚያርሰው ገበሬ ሁለተኛውን እርሻ የመጀመሪያውን አቋርጦ ስለሚያርስ፣ አንደኛው ትልም ተዳፋቱን ተከትሎ ቁልቁል መውረዱ አይቀርም። ያ ትልም ለጎርፍ የተዘጋጀ መንገድ ይሆናል።

የጉዳቱን መጠን የሚያሳይ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1981 የእርሻ ሚኒስቴርና የስዊስ አገሩ የበርን ዩኒቨርሲቲ በመተባበር በወሎ ማይባር፣ በጎጃም አንጀኒ፣ በሸዋ አንዲት ጥድና በሌሎችም ቦታዎች የአፈር መሸርሸርን የሚለኩ ጣቢያዎች አቋቋሙ። ከዚያ በተገኘው ልክ መሠረት በደጋው ከሚታረሰው መሬት በያንዳንዱ ሄክታር ላይ በዓመት በአማካይ 42 ቶን ያህል አፈር እንደሚሸረሸር ተገመተ። ይህ በሜዳው ላይ ቢነጠፍ 4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 4 ሚሊሜትር ለዓይን የማይሞላ ትንሽ ነገር ነው፤ ነገር ግን 40 ሳንቲሜትር አፈር ያለው ማሳ በዚሁ አካሄድ በ100 ዓመት ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። አያት ያረሰውን የልጅ ልጅ ልጅ አያርሰውም።

የሚሄደው አፈር የት ይደርሳል? በአራዳ ደጃፍ የሚፈሰው ውሃ በከተማችን ጅረቶች አድርጎ ወደ አቃቂ ይወርዳል። አቃቂም አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፤ ከዚያ ወደ አዋሽ፣ ከአዋሽም በ1952 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው ወደ ቆቃ ግድብ ይደርሳል። ከአዲስ አበባ ዙሪያና ከሸዋ እርሻዎች ታጥቦ የሄደው አፈር በቆቃ ደለል ሆኖ የግድቡን ሐይቅ ሲሞላው ኖሯል። ስለዚህ ገበሬው አፈሩን ሲያጣ የከተማው ሰው መብራቱን ያጣል።

ወገኖቼ፣ ይህ መከራ የኛ ብቻ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ከኦክላሆማና ከካንሳስ ጀምሮ የተዘረጋው ሰፊ የሣር ሜዳ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በትራክተር ተገልብጦ ስንዴ ተዘራበት። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ድርቅ በመጣ ጊዜ የተራቆተውን አፈር ነፋስ አነሣው፤ ቀኑ እንደ ሌሊት ጨለመ፤ ብዙ ሕዝብም ቤቱን ትቶ ተሰደደ። በዚያን ጊዜ ሂዩ ቤኔት የተባለ የአፈር ሊቅ ለአገሩ ምክር ቤት አስረድቶ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1935 የአፈር ጥበቃ ሕግ እንዲወጣ አደረገ። ገበሬዎቹ ተዳፋቱን አግድመው ማረስን፣ ሣርንና እህልን በየረድፉ ማፈራረቅን፣ ገለባን በማሳው ላይ መተውን ተማሩ። ነፋስ እንዲሰብር ብቻ ከ200 ሚሊዮን በላይ ዛፍ ተተከለ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ የአፈር ጥበቃ ወረዳዎች ሲቋቋሙ፣ ወረዳው እንዲቆም ወይም እንዳይቆም ድምፅ የሚሰጡት በዚያ ቦታ ያሉት ገበሬዎች ነበሩ። መንግሥት ባለሙያና ገንዘብ ሰጠ፤ ውሳኔው ግን የጎረቤታሞቹ ሆነ።

ከዚያ የአቧራ ምድር የወጣ ዕውቀት ወደኛም መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1952 በተደረገው ስምምነት መሠረት የአለማያን እርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬውን ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዲያቋቁሙ የረዱት የኦክላሆማ መምህራን ነበሩ። ብዙ የእርሻ ባለሙያዎቻችን ከዚያ ወጡ። ሆኖም በዚያው በኮሌጁ አጠገብ ያለው የሐረማያ ሐይቅ ከ1990ዎቹ ማለቂያ ገደማ ጀምሮ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ከዙሪያው ኮረብታ የታጠበው ደለል፣ ለመስኖና ለከተማ የተሳበው ውሃ፣ የአየሩም መለዋወጥ ተባብረው አደረቁት። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሶ መታየቱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የተባለው ደረሰ፤ ዕውቀት በክፍል ውስጥ መኖሩ ብቻ ሐይቅን እንደማያድን ከዚህ እንማራለን።

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። በ2016 ዓ.ም. ቤታችን ከፈረሰ በኋላ ክረምቱን አያቴን ይዤ ደብረ ሲና አካባቢ ወደሚያርሰው አጎቴ ዘንድ ሄድሁ። አጎቴ ጤፍና ማሽላ የሚዘራበት ተዳፋት ማሳ አለው። በደረስን በሳምንቱ ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣለ። ሲነጋ ወጥተን ስናይ አጎቴ ብቻውን የካበው ካብ በሦስት ቦታ ተንዶ፣ ከማሳው መካከል አንድ ሰው ቁሞ የሚገባበት ቦረቦር ተከፍቷል። አጎቴ በቦረቦሩ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ብዙ ጊዜ ዝም አለ።

በኋላ ያጫወተኝን እነሆ እነግራችኋለሁ። በደርግ ዘመን፣ ገና ወጣት ሳለ፣ በዚያው ተዳፋት ላይ እርከን ሠርቷል። ደመወዙ ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት ነበር። በዚያ ዘመን ባገራችን ወደ 800,000 ኪሎሜትር የሚጠጋ የአፈርና የድንጋይ እርከን እንደ ተሠራ ይነገራል፤ ይህም እጅግ የሚያስደንቅ ድካም ነው። ነገር ግን በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በየቦታው እርከኑ ፈረሰ፤ የተተከለውም ዛፍ ተቆረጠ። አጎቴም፣ «እኔው ሠራሁት፣ እኔው አፈረስሁት» አለኝ።

ለምን ብለው ብዬ ጠየቅሁት። «የሠራነው ለእህሉ ነው፤ መሬቱ የማን እንደሚሆን አናውቅም ነበር። እርከኑ ከጠባብ ማሳችን ላይ ቦታ ወሰደ፤ በሬዎቹ መዞሪያ አጡ፤ በድንጋዩ ውስጥ አይጥ ተራባ። ይህን ሁሉ ማን ጠየቀን?» ሲል መለሰልኝ።

ጓደኞቼ፣ አጎቴ ሰነፍ ሰው አይደለም፤ አላዋቂም አይደለም። ያነሣቸው ችግሮች ሁሉ እውነተኞች ናቸው። እርከን የገበሬውን ፍላጎት ሳይጠይቅ ከተሠራ የተቀበረ ጥል ይሆናል።

አጎቴ ካቡ በተናደ ማግሥት፣ «ከበላዬ ያለው ጎረቤቴ በፈሰሱ ሰብስቦ በለቀቀው ውሃ ማሳዬን አጠፋብኝ» ሲል ለሽማግሌዎች አመለከተ። ሽማግሌዎቹም ቦታው ድረስ መጡ። ከአጎቴ በታች ማሳ ያላቸውን አንዲት ባልቴት ጠርተው፣ «የእርስዎንስ ማሳ ማን ጎዳው?» ቢሏቸው፣ ባልቴቲቱ አንገታቸውን ደፍተው በእጃቸው ወደ አጎቴ አመለከቱ። አጎቴም እንደ ጎረቤቱ ሁሉ ውሃውን ወደ ታች ሲለቅ ኖሯልና የሚመልሰው አጣ። ከሳሽ ተከሳሽ ሆነ።

የሽማግሌዎቹ ፍርድ ካሣ አልነበረም። ሦስቱም በአንድነት ከላይ ጀምረው እንዲሠሩ፣ በድንበራቸውም ላይ የጋራ የውሃ መውረጃ እንዲያወጡ አስማሟቸው። በ2017 ዓ.ም. ጥር፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ እኔም ሄጄ ድንጋይ ተሸከምሁ። የወረዳው የእርሻ ባለሙያ ልኩን በገመድና በውሃ ልክ አሳየን፤ ለበሬ መዞሪያ እንዲበቃ በእርከንና በእርከን መካከል ሰፊ ቦታ ተተወ፤ በእርከኑ ጀርባ ላይ ለከብት መኖ የሚሆን ሣር ተተከለ። የባልቴቲቱን ድርሻ አጎቴና ጎረቤቱ ሠሩላቸው። በዚያው ዓመት ክረምት የወረደው ዝናብ እርከኑን በአንድ ቦታ ብቻ ጣሰው፤ እርሱንም በማግሥቱ ሦስቱም ወጥተው ጠገኑት። ቦረቦሩ ገና አልሞላም፤ ነገር ግን አልሰፋም።

እንግዲህ ዋናው ትምህርት ይህ ነው፤ ውሃ የሰው ድንበር አያውቅም። አንድ ሰው ብቻውን የሠራው እርከን ከላይ በመጣ ጎርፍ ይፈርሳል፤ በትእዛዝ የተሠራው ደግሞ አዛዡ ሲሄድ ይፈርሳል። ጸንቶ የሚቆመው ጎረቤታሞች ተስማምተው የሠሩትና እየጠገኑ የሚጠብቁት ብቻ ነው።

ለዚህም ምስክር የሚሆኑን ኮንሶዎች ናቸው። የኮንሶ ሕዝብ ከ400 ዓመት በላይ ኮረብታውን በድንጋይ እርከን ሲያለብስ ኖሯል፤ ልጅም የአባቱን ካብ እየጠገነ ይረከባል። ዩኔስኮ ይህን ሥራ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዘገበው። በትግራይም የአብርሃ ወአጽብሃ መንደር ሰዎች ኮረብታቸውን ከልለው፣ ጎርፉን አስረው፣ የደረቁ ጉድጓዶቻቸው ውሃ እንዲያወጡ ስላደረጉ እ.ኤ.አ. በ2012 የዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶቻችን ቃል በተግባር የሚታየው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

እኛ የከተማ ተማሪዎች ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ከአሸንዳችን የሚወርደውን ውሃ በበርሜል እንያዝ፤ በግቢያችንም የተራቆተ መሬት አንተው። ሁለተኛ፣ ቆሻሻ በቦይ ውስጥ አንጣል፤ የተደፈነ ቦይ ጎርፉን በድሀው ቤት ላይ ይለቅቀዋልና። ሦስተኛ፣ ከመካከላችን ወደ እርሻ ትምህርት የሚሄድ ቢኖር፣ ገበሬውን ከማስተማሩ በፊት ይጠይቀው፤ በሬው የት እንደሚዞር፣ ውሃው ከማን ማሳ እንደሚመጣ፣ ወደ ማንም እንደሚሄድ አብሮት ይመልከት።

አያቴ ዛሬ ከከተማው ዳር ባለ ቤት ትኖራለች። ጤና አዳሙን ከነቆርቆሮው ይዛው ሄዳለች፤ ጭዱንም በየክረምቱ ትለውጥለታለች። እርሷ አንዲት ቆርቆሮ አፈር እንዲህ ከጠበቀች፣ እኛ የምንማረው ልጆች አንድ አገር አፈር እንዴት ችላ እንላለን?