ውኃውን ሳንለካ ቧንቧ አንዘርጋ
(ለአብያተ ክርስቲያናት ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ከሰማይ የሚወርደው ውኃ ከፊሉ በወንዝ ይፈስሳል፤ ከፊሉ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ከፊሉም ተንኖ ይመለሳል። በየመንገዱ ልንለካው እንችላለን።

ዝናብን እንውሰድ። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። እንግዲህ 10 ሚሊሜትር ቢዘንብ 50 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የጸሎት ቤት ጣሪያ 500 ሊትር ይቀበላል፤ ጥቂቱ ቢባክንም አብዛኛው ይጠራቀማል። የጉድጓድን ውኃ ጥልቀት ደግሞ ክብደት በታሰረበት ሜትር በየወሩ ለክተን እንመዝግብ። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ሳተላይቶች የምድርን ስበት በመለካት የከርሰ ምድር ውኃን ለውጥ ያሳያሉ፤ ነገር ግን የሚናገሩት ስለ ሰፊ አገር እንጂ ስለ አንዲት መንደር ምንጭ አይደለም።

ለምንጭ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሰዓት ይበቃል። ጀሪካኑ በ40 ሴኮንድ ከሞላ ምንጩ በቀን 43,200 ሊትር ይሰጣል። በአስቸኳይ እርዳታ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ስለሚታሰብ፣ ሌሊት የሚፈስሰውም ከተጠራቀመ ለ2,880 ሰው ይደርሳል። ይህ በመስከረም ነው። በጋው ሊያልቅ ሲል ያው ጀሪካን 4 ደቂቃ ቢፈጅ ግን የሚደርሰው ለ480 ሰው ብቻ ነው። የቀሩት 2,400 ሰዎች እንስራቸውን ይዘው ባዶ ቧንቧ ሥር ይቆማሉ።

ስለዚህ ምንጭን በድርቁ ወር እንለካ። ጌታችን በሉቃስ ምዕራፍ 14 ስለ ግንብ ሠሪው ሲያስተምር አስቀድሞ ማስላትን አሳስቦናል። የምእመናን መባ በደረቀ ቧንቧ ላይ እንዳይቀር፣ የተጠሙትም በተስፋ ብቻ እንዳይመለሱ፣ በትጋት እንለካ። እግዚአብሔር ሥራችሁን ይባርክ።