ስለ መብራት ሒሳብና ስለ ሶላር
(በደብረ ታቦር በአንድ የመንደር ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ከማኅበሩ አባላት አንዱ ያደረጉት ንግግር፤ ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል)



ባለፈው ስብሰባ ላይ የመብራት ሒሳብ እየናረ ስለ መጣ ከማኅበራችን ካዝና ገንዘብ ወጥቶ ለእያንዳንዱ ቤት ሶላር ይገዛ የሚል ሐሳብ ቀርቦ በጭብጨባ ሊያልፍ ሲል፣ እኔ እጄን አውጥቼ «ቆይ፣ ሒሳቡን እንየው» ማለቴ ይታወሳል። አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሰውዬ ደግሞ ሁልጊዜ ቆይ ነው» ብላችኋል፤ ሰምቻለሁ። ዛሬ ሒሳቡን ይዤ መጥቻለሁ።

በመጀመሪያ፣ ጭማሪው ከየት መጣ? ታሪፉ ከ1998 ዓ.ም ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ሳይነካ ቆይቶ በ2011 ዓ.ም ነው መጨመር የጀመረው፤ በ4 ዓመት ደረጃ በደረጃ ወጣ። ቀጥሎም ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ ሌላ የ4 ዓመት ታሪፍ መጣ፤ ይኸኛው በየ3 ወሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ «የእኔ ቆጣሪ ታሟል» የምትሉ ሰዎች፣ ቆጣሪው ጤነኛ ሆኖ ዋጋው ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል በቅድሚያ የ3 ወር ቢላችሁን አስተያዩ። «የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቆ እንዴት መብራት ይወደዳል?» ተብሎም ተጠይቋል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ውኃው የእኛ ነው፤ ትራንስፎርመሩ፣ ሽቦውና ቆጣሪው ግን አብዛኛው በዶላር የሚገዛ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሬው አሠራር ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ይህን የምለው ለማንም ጠበቃ ልቆም ብዬ አይደለም፤ የእኛም ኪስ በዶላር አይሞላም።

አሁን ወደ ሶላሩ ልምጣ። ደጋው አገራችን ፀሐይ የለውም የሚለው ወሬ ስሕተት ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ፀሐያችን ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ሶላሩ ብርሃን እንጂ ሙቀት አይፈልግምና የጉና ብርድ ይስማማዋል። 100 ዋት የሆነ አንድ ፓኔል በደህና የበጋ ቀን፣ በሽቦና በባትሪ የሚባክነው ተቀንሶ፣ 350 ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል እንበል። 4 ኤልኢዲ አምፖል ለ5 ሰዓት፣ ትንሽ ቴሌቪዥን ለ3 ሰዓት፣ ሦስት ሞባይል ቻርጅ ለማድረግ ይበቃል። ደስ ይላል።

ምጣዱስ? የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት ገደማ ይጎትታል። ሁለት ሰዓት ከተጋገረበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ያ ፓኔል 20 ቀን ሙሉ የሚሰበስበው ማለት ነው። እንጀራ በሃያ ቀን አንዴ የሚጋግር ቤት ካለ እጁን ያውጣ! (ሳቅ።) ፓኔሉ በወር የሚሰጠው ተደምሮ ከ10 ኪሎዋት ሰዓት ብዙም አይዘልም። ይህ ከቢላችን ላይ የሚቀንሰው ገንዘብ የፓኔሉን ቀርቶ የባትሪውን ዋጋ እንኳ ባትሪው ሳይሞት አይመልስም። ክረምት ሲገባ ደግሞ፣ ቡሄ እስኪያልፍ ድረስ፣ ዳመናው ከዚያም ላይ ይቆርጣል።

እኔ ራሴ የተቃጠልኩበት ነገር ስለሆነ አልደብቅም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ «200 ዋት» የሚል የተለጠፈበት ፓኔል ገዛሁ። ሲለካ ግማሹንም አልሰጠም። ባትሪው የመኪና ባትሪ ነበር፤ የመኪና ባትሪ ለማስነሻ የተሠራ እንጂ ማታ ማታ ተሟጦ እንዲሞላ የተሠራ ስላልሆነ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ድረስ የፓኔሉን ሰሌዳ በርበሬ ማስጫ አድርጋዋለች።

ታዲያ ሒሳቡ በምን ይቀንስ? ወገኖቼ፣ ትልቁ ቀዳዳ የጋራ ቆጣሪው ነው። በመንደራችን ውስጥ ሦስትና አራት አባወራ ባንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ግቢ ሞልቷል። ታሪፉ ብዙ ለተጠቀመ በኪሎዋት ሰዓት የሚከፈለውን ከፍ እያደረገ የሚሄድ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 50 ርካሽ ናቸው። በ2014 ዓ.ም የወጣውንና እስከ 2016 ዓ.ም ማብቂያ የሠራውን ዋጋ ለምሳሌ ልውሰድ፦ እስከ 50 በ27 ሳንቲም፣ እስከ 100 በ77 ሳንቲም ገደማ፣ እስከ 200 በ1 ብር ከ62 ሳንቲም ገደማ ነበር። አራት ቤት እያንዳንዱ 45 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀምና የየራሱ ቆጣሪ ቢኖረው፣ የአገልግሎት ክፍያ ሳይጨመር፣ አራቱ ተደምረው 49 ብር ይከፍሉ ነበር። ያንኑ መብራት ባንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ 180 ይሆናል፤ በደረጃ በደረጃ ከፋፍለን ብናሰላው እንኳ 182 ብር ይመጣል። ልዩነቱን የበላ ሌባ የለም፤ የበላው አብሮ መቆጠራችን ነው። ዋጋው ዛሬ ከዚያ አልፏል፣ ነገሩ ግን ያው ነው።

በዚህ የተነሳ ስንት ጎረቤት ተቀያይሟል? «አንተ ካውያ ትተኩሳለህ፣ እኔ አንድ አምፖል ነው ያለኝ» እየተባለ ተከራይና አከራይ ሽማግሌ ፊት የቀረበበትን ጉዳይ እናውቃለን። አንዲት ልጆቿን ለብቻዋ የምታሳድግ እናት አምፖሏን አጥፍታ በባትሪ መብራት ስታስጠና አይቻለሁ፤ ድርሻዋ ግን እኩል ይከፈላል። ስለዚህ የማኅበሩ ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ፣ በመጀመሪያ የራሳቸውን ቆጣሪ ለማስገባት አቅም ላነሳቸው ቤቶች ብድር ሆኖ ይውጣ የሚል ነው ሐሳቤ። አከራዮችም ፈቃዳችሁን አትንፈጉ። ቆጣሪው እስኪመጣ ድረስ ደግሞ በየግቢው ውስጥ በየቤቱ የሚሄደውን የሚለካ ትንሽ ቆጣሪ አስገብቶ በልኩ መካፈል ይቻላል፤ ቢሉን ባይቀንስም ጠቡን ይቀንሳል።

ስለ ምጣዱም አንድ ነገር፦ ምጣዱ እስኪግል ድረስም መብራት ይሄዳል። በሳምንት ሦስቴ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር አንዴ አብዝቶ መጋገር ይሻላል። ይህን እናቶች ከእኔ የበለጠ ስለምታውቁት አልፈዋለሁ።

ሶላርን ጨርሶ አልጥልም። መስመር ላልደረሰው የፋርጣና የጋይንት ገጠር ከኩራዝ ጭስ ማውጫው እሱ ነው። በአገራችንም አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ በደቡብ ሸዋ ሚቶ በምትባል መንደር ተተክሎ ነበር፤ ከ1999 ዓ.ም ገደማ ጀምሮም በሰሜን ሸዋ ሬማ ወደ 2,000 የሚጠጉ ቤቶች አብርተውበታል። የሬማው ያስቀናኝ በዚያው መንደር ጠጋኝ ባለሙያ መሠልጠኑ ነው። እኛ ጋ ፓኔሉ ሲበላሽ ማን ይነካዋል?

ስለዚህ ለየቤቱ መግዛቱ ቀርቶ፣ አንድ ደህና ፓኔል ከነባትሪው ለማኅበሩ አዳራሽ ይገዛ እላለሁ፤ መብራት በጠፋ ማታ ተማሪዎች እዚያ ያጥኑ፣ ሞባይልም እዚያ ይሞላ። ጣራው ላይ ሲሰቀል ፊቱ ወደ ደቡብ ትንሽ አዘንብሎ ይሁን፤ ከአጥሩ ያለው የባሕር ዛፍ ጥላ እንዳያርፍበት ሁለቱ ቅርንጫፎች ይቆረጡ። በረዶም አለብን፤ መስተዋቱ ጠንካራ መሆኑ ሳይታይ ገንዘብ እንዳይከፈል። ዋቱም በዕቃው ላይ በተጻፈው ሳይሆን ፀሐይ ላይ ተለክቶ ይታመን።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስንሰበሰብ እያንዳንዱ ግቢ የ3 ወር ቢሉንና ባንድ ቆጣሪ ስንት አባወራ እንደሚጠቀም ጽፎ ያምጣ። መጻፍ የሚቸገር ለእኔ ይንገረኝ፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።