ዘንድሮ ያነበብኳቸው መጻሕፍት፣ አንዱም ከእህቴ ያጣላኝ

(ባለፈው እሁድ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ሻይ የያዛችሁ ጠጡ፣ ይቀዘቅዝባችኋል። ኮሚቴዎቹ «ዘንድሮ ካነበብሻቸው መጻሕፍት የወደድሻቸውን ንገሪን» ሲሉኝ ደንግጬ ነበር። እኔ አስረኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ሌላ ተናጋሪ ጠፍቶ ነው መሰለኝ። እንዳይጠፋብኝ በወረቀት ጽፌዋለሁ፣ እያየሁ ባነብላችሁ ቅር አይበላችሁ።

መቼ ታነቢያለሽ ለምትሉኝ፣ ማታ ነው። ሳህኑ ታጥቦ፣ ቤቱ ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ የስልኬን ብርሃን ዝቅ አድርጌ። አብዛኛውን በቴሌግራም ከሚዘዋወረው ፒዲኤፍ ነው ያነበብኩት። ደራሲዎቹ ይቅር ይበሉኝ፣ አገሬ ስገባ እገዛቸዋለሁ። ሌላውን ደግሞ ለዕረፍት ሄደው የተመለሱ እህቶች በሻንጣቸው ካመጡት ነው። በርበሬና ሽሮ መሃል ተጠቅልሎ የመጣ መጽሐፍ እስካሁን ሽታው አለ።

ፍቅር እስከ መቃብርን መጀመሪያ የሰማሁት በትረካ ነው፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን። ልብስ ስተኩስ አንድ ጆሮዬ ላይ ብቻ ማዳመጫ አደርጋለሁ፤ ሌላው ጆሮዬ የማዳም ነው፣ ስትጠራኝ እንድሰማ። ከዚያ መጽሐፉን ፈልጌ አነበብኩት። ሀዲስ ዓለማየሁ ያሳተሙት በ1958 ነው። የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። አስለቅሶኛል፣ አልዋሽም። ግን ሳነበው ሌላ ነገር ታየኝ። በዛብህ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው ልጃቸውን ሊያስተምር ነው። ቤተኛ እየተባሉ የራስ ባልሆነ ቤት መኖርን እኛ እናውቀዋለን። ደግሞ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልጅ ነው፤ የተሳሉት ወላጆቹ፣ የሚከፍለው እሱ። ከኛስ መሃል በወላጅ ስለት እዚህ የመጣን ስንት ነን?

ኦሮማይን በሦስት ሌሊት ጨረስኩት። በማግስቱ ዓይኔ ቀልቶ ማዳም ታምመሻል ወይ አለችኝ። መጽሐፉ የወጣው በ1975 ነው፤ በዓመቱ ደራሲው በዓሉ ግርማ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን እያወቁ ማንበብ ከባድ ነው፣ እያንዳንዱን ገጽ ስገልጥ ሰውየውን አስባለሁ።

ያልጨረስኩትም አለ። ሕይወትሽን ቀይሪ የሚል ዓይነት መጽሐፍ አንዷ አውሳኝ ነበር። ስኬታማ ለመሆን ሌሊት በ11 ሰዓት መነሳት ያስፈልጋል ይላል። እኔ አራት ዓመት ሙሉ በ11 ሰዓት ነው የምነሳው። ስኬቱ ምናልባት መንገድ ጠፍቶት ይሆናል። መለስኩላት።

ነገም ሌላ ቀን ነው የሚለውን ግን ብወደውም ብጠላውም ከእጄ ማውጣት አልቻልኩም። ማርጋሬት ሚቸል የጻፈችው የአሜሪካ ታሪክ ነው። ነቢይ መኮንን ወደ አማርኛ የመለሰው በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው። ይህን ከሰማሁ በኋላ ጊዜ የለኝም ማለት አፈርኩ። ታሪኩ የስካርሌት ነው፤ ቆንጆ፣ እልኸኛ፣ የባሪያ አሳዳሪ ልጅ። እኔ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተከተልኩት ማሚን ነው፣ ያሳደገቻትን ጥቁር ሴት። የምትበላውን፣ የምትለብሰውን፣ የምትዋሸውን ሁሉ የምታውቅላት እሷ ናት። ግን ማሚ ስሟ አይደለም፣ መጠሪያዋ ነው። እውነተኛ ስሟን ማንም አይነግረንም። እኛስ ስማችን ለአፋቸው አልመች ብሎ ሌላ ስም ያወጡልን የለንም? መጨረሻ ላይ ሁሉ ነገር ሲፈርስባት ስካርሌት የምትናፍቀው ቤቷንና ማሚን ነው። ማሚ ማንን እንደምትናፍቅ ግን አልተጻፈም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። መከረኞቹ ይባላል። ቪክቶር ሁጎ የሚባል ፈረንሳዊ በፈረንጅ 1862 ያሳተመው ነው፣ የተረጎመው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም። ሰው ሁሉ የሚያነሳው ዣን ቫልዣንን ነው፣ ዳቦ ሰርቆ 19 ዓመት የታሰረውን። እኔ የምነግራችሁ ስለ ፋንቲን ነው።

ፋንቲን አባቷ የካዳትን ሕፃን ልጇን ይዛ ሥራ ፍለጋ ትሄዳለች። መንገድ ላይ አንዲት ሴት ሁለት ልጆቿን ስታጫውት ታያለች። ልጆቹ ንጹሕ ናቸው፣ ያምራሉ። እንዲህ ያለች እናት የኔንም ታሳድግልኛለች ብላ ኮዜትን እዚያ ትታት ሄደች። ቴናርዲዬ የሚባሉ ባልና ሚስት ናቸው። መጀመሪያ በወር 7 ፍራንክ ተስማሙ። ቆይቶ 12 ሆነ። ከዚያ 15። ልጅቷ ግን አምስት ዓመት ሳይሞላት የቤቱ ገረድ ሆናለች፤ ትጠርጋለች፣ ሳህን ታጥባለች፣ ከራሷ በሚበልጥ ባልዲ ውኃ ትቀዳለች። እናትየዋ እዚያ ማዶ በላኩት ገንዘብ ልጄ ተደላድላለች ትላለች።

ብርድ ነው፣ ልብስ የላትም ብለው ጻፉላት። ጸጉሯን በ10 ፍራንክ ሸጣ የሱፍ ቀሚስ ገዝታ ላከች። እነሱ የፈለጉት ገንዘቡን ነበርና ተናደው ቀሚሱን ለራሳቸው ልጅ አለበሱት። ቀጥሎ ታማለች፣ ለመድኃኒት 40 ፍራንክ አሉ። ሁለት የፊት ጥርሷን አስነቅላ ሸጠች። ልጅቷ አልታመመችም ነበር።

እዚህ ጋ ስደርስ ስልኩን ትራስ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩ። የኔ ልጅ ወሎ፣ ታላቅ እህቴ ጋ ነው ያለው፤ ስድስት ዓመቱ ነው። በዚያው ሳምንት እህቴ ኢሞ ላይ ደወለችና ልጁ ሳንባ ምች ይዞታል፣ 8,000 ብር ላኪ አለችኝ። እንግዲህ እኔ ያን ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለችው ቴናርዲዬ ናት። ባለፈው ለዩኒፎርም ያልሽው የት ገባ አልኳት። የሐኪም ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ከዚያ አያለሁ አልኳት። እሺም እንቢም ሳትለኝ ስልኩ ተዘጋ። ዘጠኝ ቀን አልደወለችም፣ እኔም በእልህ አልደወልኩም። እውነቱን ልናገር፣ በልቤ «ያዝኳት» ብዬ ነበር።

በአሥረኛው ቀን የሰፈር ልጅ ጋ ስደውል ነው የሰማሁት። ልጁ ሦስት ሌሊት ጤና ጣቢያ ተኝቷል። እህቴ ያላትን ሁለት በግ ሸጣ አሳክማዋለች። ወረቀት ያልላከችልኝ ካሜራ ያለው ስልክ ስለሌላት ነው፤ ኢሞ የምትደውለው በጎረቤቷ ልጅ ስልክ ነው። ይህን ደግሞ አውቀው ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ለልጅ ስትል ያላትን የሸጠችው ፋንቲን ናት። በኔ ቤት የሸጠችው እህቴ ናት፣ እኔ ደግሞ ገንዘቡን ይዤ የተቀመጥኩት።

ይቅርታ ስጠይቃት ምን ነክቶሽ ነው አለችኝ። መጽሐፍ አንብቤ ነው ማለት አሳፈረኝ፣ ግን አልኳት። እሷ አልተማረችም፤ ታሪኩን በድምፅ እየቀዳሁ በክፍል በክፍል ላኩላት። ሁሉንም ሰማችው። ከዚያ «እንዲህ ያለች ሴት መሰልኩሽ?» ብላ ብቻ መለሰችልኝ። አሁን እንነጋገራለን፣ እንደ ድሮው ግን አይደለም።

የሚያታልል ዘመድ የለም አልልም። ቤት ሥሩልኝ ብላችሁ ስንት ዓመት ልካችሁ መሠረቱ እንኳ ያልተቆፈረላችሁ እዚህ ተቀምጣችኋል። እኔ አሁን የማደርገው በሁለት ሳምንት አንዴ ልጁን ራሱን ማናገር ነው። ምን በላህ፣ ማን ቀጣህ፣ አስተማሪህ ማን ትባላለች እለዋለሁ። ልጅ አይደብቅም። ወረቀት ግን አልጠይቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። ፋንቲን መጻፍ አትችልም ነበር፤ ደብዳቤ የምታጽፈው ለሰው ከፍላ ነው። ጸሐፊው ወሬኛ ሆነና ልጅ እንዳላት በከተማው ተወራ፣ ከፋብሪካ ሥራዋም የተባረረችው በዚሁ ነው። እኛ መሃልም መልእክታቸውን ሰው የሚያነብላቸው እህቶች አሉ። ማን ምን እንደጻፈላቸው በማግስቱ ዶራ ሙሉ ሲሰማ እኔ አይቻለሁ። የምታነቡላቸው፣ እባካችሁ አፋችሁን ያዙ።

መከረኞቹ አሁን መደርደሪያው ላይ የለም፣ አንዲት እህት ወስዳዋለች፣ ከሷ በኋላ ሁለት ሰው ተመዝግቧል። ሽፋኑ ስለተገነጠለ በላስቲክ ጠቅልሉት። ፊደል መቁጠር የምትፈልጉ ደግሞ ከሚቀጥለው እሁድ ጀምሮ ከስብሰባው በፊት አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ኑ፤ እስካሁን ሦስት ሆነናል። ደብተር ይዛችሁ ኑ፣ እስክሪብቶ እዚህ አለ።