የጠፋ ዘመድ ፍለጋ
(ለማኅበራችን አባላት በአዲስ አበባ ከተደረገ ንግግር)



ስለ መንገድና ስለ ድልድይ መናገር የሚገባው መሐንዲስ ዛሬ ስለ ጉዲፈቻ ልጆች ሊናገር ቆሟል። ነገሩ በተወለድኩባት በሞላሌ ያጋጠመኝ ስለ ሆነ፣ ያጠፋሁትንም ጭምር ልነግራችሁ ተስማምቻለሁ። እናቲቱ እንድናገር ፈቅዳልኛለች። ሆኖም ጎጡን አልጠራም፤ አንዳንዱንም ዝርዝር በጠየቀችኝ መሠረት ለውጬዋለሁ።

ባሕር ማዶ የሚኖር የትምህርት ቤት ባልንጀራዬ አንድ የሰነድ ቅጂ ላከልኝ። በሕፃንነቱ በጉዲፈቻ ከአገር የወጣ፣ ዛሬ ጎልማሳ የሆነ ሰው እናቱን ይፈልጋል። በሰነዱ ላይ የእናቲቱ ስም፣ የልጁ አያት ስምና «ሞላሌ» የሚል ቃል ብቻ ሰፍሯል። ቀበሌ የለም፤ ጎጥ የለም። ጸሐፊው በአቅራቢያው ያለውን ከተማ ስም እንደ ትውልድ ቦታ እንደ ወሰደው የተረዳሁት በኋላ ነው። ይህ ከሌሎች ሰነዶች ሲነጻጸር ቀላል ስሕተት ነው፤ ወላጆቻቸው በሕይወት እያሉ «ሞተዋል» ተብሎ የተጻፈባቸው ልጆች አሉና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ልጆቻቸውን የሰጡ እናቶች «ተመልሶ ይመጣል» ብለው ሲጠብቁ አንዳንድ ሰው ያለማወቃቸውን ይፈርድባቸዋል። እኔ በበኩሌ ይህን ፍርድ አልቀበልም። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ከኦሮምኛ የመጣ ሲሆን፣ በአማራውም ዘንድ አሳዳጊው ጣቱን በማር ቀብቶ ልጁን በማጥባት የጡት አባት የሚሆንበት ልማድ ነበር። በዚህ ሥርዓት ልጁ ሁለተኛ አባት ያገኛል እንጂ የመጀመሪያውን አያጣም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የጉዲፈቻ ልጅ ከትውልድ ቤተሰቡ ጋር ያለው ግንኙነት እንደማይቋረጥ ይደነግጋል። ልጆቹን በተቀበሉት በብዙዎቹ አገሮች ግን ሕጉ የቀድሞውን ዝምድና ፈጽሞ ይቆርጣል። እናቲቱ የፈረመችው በአንዱ ትርጉም ነው፤ ልጁ የሄደው በሌላው። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በጥር 2010 ዓ.ም. በሕግ ቢቆምም፣ አስቀድመው የሄዱት በሺሕ የሚቆጠሩ ልጆች ዛሬ አድገው መጠየቅ ጀምረዋል።

ወደ ሞላሌ ልመለስ። የእናቲቱን ስም የሚጋሩ ሴቶች በመንዝ ብዙ ናቸው። የአያትየው ስም ግን ያልተለመደ ስለ ነበር በዕድሜ የገፉ አንድ አባት ዘንድ ሄድሁ። ጥያቄዬን ሰምተው «ልጄ፣ አሁን ደግሞ ምን ርስት ልትከራከር ነው?» አሉኝ። ቀልድ ቢመስልም ቁም ነገር አለበት። እስከ የካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ድረስ በመንዝ መሬት የሚገኘው ከመሥራቹ አባት መወለድን በማስረዳት ነበር፤ ያውም በአባትም በእናትም በኩል። ትውልዱን መቁጠር ያልቻለ ሰው ድርሻውን አጥቶ ይቀራል። ሽማግሌው በወጣትነታቸው ለክርክር የተማሩትን ቆጠራ ጀመሩ፤ ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ ጎጡን ነገሩኝ። እኔ ሰነድ ሳገላብጥ ወራት ፈጅቼ ነበር። እንዲህ ያለውን ቆጠራ የሚያውቁ ሰዎች ቁጥር በየዓመቱ እየቀነሰ መሆኑን ልብ ይሏል።

ጥፋቴ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሥራ ስለ በዛብኝ ራሴ በመሄድ ፈንታ አንድ ወጣት በገበያ ቀን ስሟን እንዲያጠያይቅ ላክሁ። እናቲቱ ሌላ ባል አግብታ፣ ሌሎች ልጆች ወልዳ፣ ስለ መጀመሪያው ልጅ ለማንም ሳትናገር ትኖር ነበር። «ባሕር ማዶ ያለ ልጅሽ ይፈልግሻል» የሚለው ቃል ከጎረቤቶቿ ፊት ደረሳት። እርሷም «እኔ አይደለሁም» አለች። ለልጁ «አልተገኘችም» ብዬ ጻፍሁ፤ ውሸትም እውነትም ነበር። ስምንት ወር እንዲሁ አለፈ።

በመጨረሻ በየነፍስ አባቷ በኩል ራሷ ላከችብኝ። ካህኑ ሲያናግሯት ሰው አይጠረጥርም፤ ምሥጢርም አያወጡም። መጀመሪያውኑ መሄድ የነበረብኝ እርሳቸው ዘንድ ነበር።

በኋላ የሌሎችን አገሮች አሠራር ሳነብ ያፈርሁት በዚሁ ነው። እንግሊዝ በ1975 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ለአካለ መጠን የደረሱ የጉዲፈቻ ልጆች የልደት ሰነዳቸውን እንዲያዩ ስትፈቅድ፣ ከዚያ በፊት በጉዲፈቻ የተሰጡት አስቀድመው ከአማካሪ ጋር እንዲነጋገሩ አስገድዳለች፤ ወላጆቻቸው ልጆቹን የሰጡት ስማቸው እንደማይገለጥ አምነው ነበርና። በ1991 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፈላጊውም ተፈላጊውም በየፈቃዳቸው የሚመዘገቡበት መዝገብ ተከፈተ። ሁለቱም ወገን ካልተመዘገበ ማንም ከማንም ጋር አይገናኝም። በእኛም አገር «ቤተሰብ ፍለጋ» የተሰኘው ድርጅት የልጆቹንም የወላጆቹንም ማስታወቂያ እየመዘገበ ያገናኛል። በገጠር የምንሠራ የዚህ ማኅበር አባላት መዝገቡ መኖሩን ማንበብ ለማትችል እናት ብንነግራት፣ ከፈቀደችም ቃሏን ብንጽፍላት ከብዙ ድካም ያድናታል። ገበያ ላይ ስም ማስጠራት ግን ይቅር።

ስለ ማረጋገጥም ጥቂት ልበል። ቅየሳ ያጠና ሰው ከታወቀ ነጥብ ተነሥቶ በታወቀ ነጥብ ካልዘጋ ሥራውን አያምንም። ሽማግሌው አልተሳሳቱም፣ መልኩም ይመስላል፤ ቢሆንም የእናትና የልጅ የዘረመል ምርመራ ውጤት እስኪመጣ ድረስ ለሁለቱም «አዎን» ብዬ አልጻፍሁም። ያ ወር ረጅም ነበር።

ውጤቱ ሲደርስ እናቲቱ የጠየቀችኝ ስለ ሀብቱም ስለ ትምህርቱም አልነበረም። የክርስትና ስሙን ያውቅ እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። በአርባ ቀኑ የተሰጠው ይህ ስም በየትኛውም ሰነድ ላይ የለም። ጽፌ ላክሁለት፤ እንዴት እንደሚጠራ ስላላወቀ ድምፄን ቀድቼ ደግሜ ላክሁለት።

ባለቤቷ እስካሁን አልሰማም። ልጁ ለመምጣት ገንዘብ አጠራቅሟል፤ እርሷ ግን ከመምጣቱ በፊት ለባሏ ራሷ መንገር ትፈልጋለች። ቀኑን የምትወስነው እርሷ እንደ ሆነች ጽፌለታለሁ፤ እሺ ብሏል።