ሆዳችንና መንፈሳችን፦ የዕለት ምግባችን ምን ያደርገናል?
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንደምታውቁት እኔ የጤና ባለሙያ ሳልሆን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ምግብ እንድናገር ያነሣሣኝ የብድር መዝገባችን ነው። ብድር ስትጠይቁ ምክንያቱን የምመዘግበው እኔ ነኝ። ከልጆች ትምህርት ቤትና ከሸቀጥ መግዣ ቀጥሎ ደጋግሜ የምጽፈው «ለሕክምና» የሚለውን ነው። ምን አገኘሽ ስል፣ መልሱ ብዙ ጊዜ «ጨጓራዬ» ነው። ቁጭ ብለን ስንጫወት ደግሞ «እንቅልፍ የለኝም፣ በትንሹም በትልቁም ሆድ ይብሰኛል» ይከተላል።

እነዚህ ሁለቱ ነገሮች ዝምድና እንዳላቸው ቋንቋችን ቀድሞ ያውቃል። ያዘነ ሰው «ሆዴ ባባ» ይላል፤ የተበሳጨ «አንጀቴ አረረ»፣ ደስ ያለው ደግሞ «አንጀቴ ራሰ» ይላል። ሳይንስም ወደዚሁ እየመጣ ነው። አንጀትና አንጎል ቬገስ በሚባል ነርቭ ዘወትር መልእክት ይለዋወጣሉ። ከስሜት ጋር የሚያያዘው ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር 90 ከመቶ ያህሉ የሚመረተው በአንጀት ውስጥ ነው። ያ ሴሮቶኒን በቀጥታ ወደ አንጎል አይገባም፤ ነገር ግን የአንጀትን ሥራና ወደ አንጎል የሚላከውን መልእክት ይነካል። በአንጀታችን የሚኖሩት እጅግ ብዙ ረቂቅ ተሕዋስያንም አሉ። የእነርሱ ቀለብ እኛ የማንፈጨው የእህል፣ የጥራጥሬና የአትክልት አሰር ነው። እነርሱ ሲጠግቡ የአንጀታችንን ግድግዳ የሚመግብ ነገር ይሠሩልናል።

ምግብ ስሜትን ይለውጣል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2017 በአውስትራሊያ አንድ ጥናት ታትሞ ነበር። 67 ድባቴ ያለባቸው ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ለ12 ሳምንት በባለሙያ እየተመከሩ አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህልና ዓሣ አዘወተሩ፤ ሌሎቹ በዚያው ጊዜ አጫዋች ሰው ተመደበላቸው። በመጨረሻ አመጋገባቸውን ካስተካከሉት 32 ከመቶ፣ ከሌሎቹ ደግሞ 8 ከመቶ ከድባቴው ወጥተው ተገኙ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ብዙዎቹም ሌላ ሕክምና ላይ ነበሩ። ስለዚህ ምግብ ሕክምናን ይተካል አያሰኝም፤ ያግዛል ግን ያሰኛል።

አሁን ወደ ራሳችን ውሎ እንምጣ። የመርካቶ ሰው ማልዶ ይወጣል። ቁርስ ሻይ ብቻ ነው። ረፋድ ላይ በባዶ ሆድ ቡና ይጠጣል። ምሳ ሰዓት ገዢ ከበዛ ብስኩትና ለስላሳ ይበቃል። ማታ ደግሞ የቀኑ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይበላና ወዲያው ይተኛል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን የሚጨመር ስኳር ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። ያ ስኳር ለጊዜው ያነቃል፤ አሰር ስለሌለው ግን ቶሎ ያስርባል፣ ለአንጀታችንም ቀለብ አይተውም።

ጨጓራን በተመለከተ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ወገቤን ጉልበቴን እያልን የምንውጣቸው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሲደጋገሙ የጨጓራን መከላከያ ያዳክሙና ቁስለት ያመጣሉ። ሐኪም ሳያዝ አናዘውትራቸው። ሁለተኛ፣ ብዙ የጨጓራ ቁስለት የሚመጣው ኤች ፓይሎሪ ከሚባል ባክቴሪያ ነው። ይህን የደረሱበት ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች፣ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ማርሻል ሰው ባያምነው ጊዜ ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታሟል! ይህ ሕመም በበርበሬ መተው ብቻ አይድንም፤ ምርመራና የታዘዘውን መድኃኒት እስከ መጨረሻው መውሰድ ይፈልጋል።

ታዲያ ምን እንብላ? ደስ የሚለው፣ መልሱ ከማጀታችን አይርቅም። ጤፍ ከነገለባው ስለሚፈጭ አሰሩ አብሮት አለ። ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ፣ ብረትን አስሮ የሚይዘው ንጥረ ነገር ይቀንስና ሰውነታችን ብረቱን በተሻለ ያገኘዋል። ጤፍ ተወዶ መቀላቀል ግድ ከሆነ፣ ከነጭ ሩዝ ይልቅ ማሽላ ወይም ገብስ ቢሆን አሰሩ አይጠፋም። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ጎመን የድሃ ምግብ ተብለው የሚናቁ አይደሉም። ምስሩ ላይ ሎሚ ጠብ ብናደርግ ወይም ቃሪያ ብንጨምርበት ብረቱን ለመውሰድ ይረዳናል። ሻይና ቡና ግን ብረቱን ስለሚይዙብን ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል እናቆያቸው። የደም ማነስ ድካምና መነጫነጭ እንደሚያመጣ እናስታውስ።

ለምንጾመው ደግሞ፦ ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ሲጎድል እጅ እግር ይደነዝዛል፣ መርሳትና ድብርት ይመጣል። በፍስክ ቀን እንቁላል ወይም እርጎ ለልጆች ብቻ ተብሎ እናት አትለፈው።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ አልለቅ ያላት፣ ሥራ ያስጠላት፣ መኖር የሰለቻት እህት ብትኖር «ጎመን ብዪ» ብለን አንሸኛት። ወደ ጤና ጣቢያ አብረናት እንሂድ። አማኑኤል ሆስፒታል እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ነው፤ እዚያ መሄድም እንደማንኛውም ሕክምና ነው፣ አያሳፍርም።

ስጨርስ ለውሳኔ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንድ፣ ከመጪው ወር ጀምሮ ለስብሰባ መስተንግዶ በለስላሳና በብስኩት ፈንታ ቆሎና ውኃ ይሁን። ሁለት፣ በዕቁብ መልክ በየወሩ አዋጥተን ምስር፣ ሽሮ እህልና ባቄላ ከእህል በረንዳ በጅምላ እንግዛና እንካፈል፤ ሒሳቡን እኔ እይዛለሁ። ሦስት፣ ደጋፊዎቻችን የደም ማነስና የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ የምናገኝበትን መንገድ እንዲያመቻቹልን እንጠይቅ። እስከዚያው እያንዳንዳችን የአንድ ሳምንት የለስላሳና የብስኩት ወጪያችንን በወረቀት እንጻፍ። በዚያው ብር ስንት ኪሎ ምስር እንደሚገዛም እንጠይቅ። በሚቀጥለው ስብሰባ ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እንደምረዋለን።