ካርዱን ለዳኛ ማንበብ፦ የሕግ ጉዳይ አማካሪ ነርስ ሙያና ሥራ

ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



ነርስ ተረኛ በሆነችበት ቀን ሁሉ ሳትፈጽመው የማትውለው ተግባር ቢኖር መጻፍ ነው። የትኩሳቱ ልክ፣ የደም ግፊቱ፣ መድኃኒቱ የተሰጠበት ሰዓት፣ ለሐኪሙ የተላለፈው መልእክት ሁሉ በካርዱ ላይ ይሰፍራል። ይህ ጽሑፍ በዕለቱ የሚያገለግለው ተከታዩን ተረኛ ቢሆንም፣ ከዓመታት በኋላ ከዳኛ ፊት ቀርቦ ሊመሰክር ይችላል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂል ለበሽተኛ ካርድም በእጅጉ ይስማማል። የዚህም ንግግር ርእስ ካርዱን ለሕግ ሰዎች አንብቦ ማስረዳትን መተዳደሪያዋ ያደረገች ነርስ ናት።

ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ የታወቀው በአሜሪካ ነው። መነሻውን ለመረዳት በኢሊኖይ ግዛት የተዳኙ ሁለት ክርክሮች ይጠቅማሉ። እ.ኤ.አ. በ1960 አንድ የ18 ዓመት ተማሪ የአሜሪካን እግር ኳስ ሲጫወት ተሰብሮ ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደ፤ እግሩም በጀሶ ታሰረ። ጥቂት ቆይቶ ጣቶቹ አበጡ፣ ጠቆሩ፣ በመጨረሻም ቀዘቀዙና ደነዘዙ። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1965 «የዳርሊንግ ጉዳይ» ተብሎ በሚታወቀው ፍርድ፣ ነርሶቹ የእግሩን የደም ዝውውር በሚገባው መጠን አልተከታተሉም ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ መኖሩን ገለጸ፤ ሐኪሙ እርምጃ ሳይወስድ ቢቀርም ለሐኪም ቤቱ ኃላፊዎች ማስታወቅ እንደሚገባ አመለከተ። «የታዘዝሁትን ፈጽሜአለሁ» የሚለው መልስ ብቻውን እንደማይበቃ በዚህ ታወቀ።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2004 የተፈረደው «የሰሊቫን ጉዳይ» ነው። በሐኪም ቤት ውስጥ ወድቆ ስለ ተጎዳ በሽተኛ በተነሣው ክርክር፣ ስለ ነርሷ ጥፋት እንዲያስረዳ የቀረበው ምስክር ሐኪም ነበር። ያው ፍርድ ቤት የነርስነት ፈቃድ የሌለው ሐኪም ስለ ነርሶች የሙያ ደንብ ሊመሰክር አይችልም ሲል ወሰነ። ሕጉ ከግዛት ግዛት ቢለያይም የሁለቱ ፍርዶች ትምህርት ግልጽ ነው፤ ነርስ በሥራዋ ትጠየቃለች፤ ሥራዋንም የሚመዝነው ሥራውን የሚያውቅ ነው።

በሁለቱ ፍርዶች መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ የአሜሪካ የሕግ ጉዳይ አማካሪ ነርሶች ማኅበር ተመሠረተ። የብቃት ማረጋገጫ ምስክር ወረቀቱን ለማግኘት የ5 ዓመት የነርስነት ልምድና በዚሁ የአማካሪነት ሥራ ላይ የዋለ 2,000 ሰዓት ይጠየቃል። ሥራውን ለመጀመር ግን ወረቀቱ ግዴታ አይደለም።

የሙያው እምብርት አራት ጥያቄዎችን መመለስ ነው። ግዴታ ነበረን? ግዴታው ተጣሰን? ጉዳት ደረሰን? ጉዳቱንስ ያመጣው ያ ጥሰት ነውን? ለምሳሌ፣ በሽተኛ ለብዙ ቀናት ተኝቶ ጀርባው ቆስሏል እንበል። ቤተ ዘመድ ቁስሉን ብቻ ያያል፤ ጠበቃው ካሣውን ያስባል። አማካሪዋ ነርስ ግን ከብዙ መቶ ገጽ ውስጥ በሽተኛው ሲገባ ቆዳው ተመርምሮ እንደ ሆነ፣ ለቁስል የመጋለጡ መጠን በብሬደን መለኪያ ተለክቶ እንደ ሆነ፣ በየስንት ሰዓቱ እንደ ተገላበጠ፣ ምን እንደ ተመገበ አውጥታ በጊዜ ቅደም ተከተል ትደረድራለች። ያልተጻፈበትን ሰዓትም ትመዘግባለች። በኮምፒዩተር የሚያዝ መዝገብ ማን መቼ እንደ ጻፈውና እንዳረመው ዱካ ስለሚተው፣ ዘግይቶ የገባ ጽሑፍ ከዓይንዋ አያመልጥም።

በንግድ ረገድ ሥራው ብዙ ካፒታል አይጠይቅም። ከአልጋው አጠገብ የምትሠራው ነርስ ደመወዝዋን ሳትለቅ በጥቂት መዝገብ ልትጀምር ትችላለች። ሆኖም አስቀድማ ከተከራካሪዎቹ ከማናቸውም ጋር የጥቅም ግንኙነት እንደሌላት ታረጋግጣለች፤ ውል ትዋዋላለች፤ ቀብድ ትቀበላለች፤ የሠራችበትን ሰዓት ትመዘግባለች፤ የበሽተኛውን ምስጢር ትጠብቃለች። ዋጋዋ በሰዓት እንጂ ከሚፈረደው ገንዘብ በድርሻ ሊሆን አይገባም፤ ድርሻ ያላት ምስክር ተከራካሪ ሆነች ማለት ነውና።

ትልቁ ፈተና የሚመጣው ካርዱ የከፋይዋን ፍላጎት ሲቃወም ነው። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ መዝገቡ ቆዳው መመርመሩን፣ በሽተኛው በሰዓቱ መገላበጡን፣ ቁስሉም ከበሽታው ጽናት የተነሣ ሊቀር የማይችል እንደ ነበር ቢያሳይ፣ ነርሷ ለጠበቃው «ክሱ አያዋጣም» ማለት ይገባታል። ይህን በማለትዋ የዚያን መዝገብ ቀሪ ክፍያ ልታጣ ትችላለች። ነገር ግን ጠበቃውን ከከንቱ ወጪ፣ ቤተሰቡን ከከንቱ ተስፋ፣ ባልደረባዋንም ከሐሰት ክስ ታድናለች። ለምስክርነት በምትቀርብበት ጊዜም የፌዴራሉ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ቁጥር 26 ልዩ አዋቂ ሆኖ የተቀጠረ ምስክር ባለፉት 4 ዓመታት የመሰከረባቸውን ጉዳዮችና የሚከፈለውን ዋጋ እንዲገልጽ ያዛል። ስለዚህ ለከፋይ ሁሉ የምትስማማ ምስክር ገመናዋ ሳይውል ሳያድር ይገለጣል።

ይህን ሥራ በሙያ እኅት ላይ እንደ መነሣት የሚቆጥሩት አሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ካርዱን በቅንነት የሚያነብ ባለሙያ ባይገኝ፣ ያላጠፋችው ነርስ ከአጥፊዋ የምትለይበት መንገድ ይጠፋል።

ነገሩ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2031 የሙያ ሥራ የሚሠራ ሰው የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዝዛል። ዳኛ ግን ደንቡን ከሕግ መጽሐፍ ብቻ አያገኘውም፤ የሚነግረው ባለሙያ ያሻዋል። በአሜሪካ በነርስነት የሚያገለግሉ ኢትዮጵያውያንም በዚህ መንገድ ለመግባት የሚያበቃ የአልጋ አጠገብ ልምድ አላቸው። የሥራው መጀመሪያም በእጅ ያለ ነው፤ ዛሬ የሚጻፈውን ካርድ፣ ነገ የማያውቁት ሰው እንደሚያነበው አስቦ፣ የተደረገውን ብቻ፣ በተደረገበት ሰዓት መጻፍ ነው።